ኔፕቱን ወይስ ቩልካን? የጨለማው ቁስ ታሪክ

ባለፈው ሰሞን ሰፈር ካለች አንዲት ካፌ ቁጭ ብለን ማኪያቶ እየጠጣን ሳለ አንድ ወዳጄ ስልኩ ላይ ያነበበውን ነገር ይዞ ያፋጥጠኝ ጀመር። «እነዚህ ሳይንቲስቶች አበዱ እንዴ?» አለኝ። «በዩኒቨርስ ውስጥ ካለው ቁስ ከአምስት እጅ አራት እጅ የሚበልጠው አይታይም፣ አይዳሰስም፣ ምን እንደሆነም አናውቅም፤ ግን አለ ይሉናል። ይሄ ከጠንቋይ ወሬ በምን ይለያል?»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ለመመለስ ሞከርኩ። የሰጠሁት መልስ ግን እንኳን እሱን እኔን ራሴንም አላሳመነኝም። «በሂሳብ ደርሰውበታል» ማለት ቀላል ነው፤ ችግሩ በሂሳብ ተደርሶበት ኋላ ላይ ባዶ ሆኖ የተገኘ ነገርም መኖሩ ነው። ቤቴ ገብቼ ሳስበው የልጁ ጥያቄ የዋዛ እንዳልነበር ገባኝ። ስለዚህ በጽሑፍ ልመልስለት። እናንተም አብራችሁ ፍረዱ። በነገራችን ላይ እዚህ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን በሱቅ እንጀምረው። አንድ ባለሱቅ ማታ ሊዘጋ ሲል ሂሳብ ይሠራል። መዝገቡ 10 ሺህ ብር መኖር አለበት ይላል። መሳቢያው ውስጥ ያለው ግን 2 ሺህ ብር ብቻ ነው። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ 8 ሺህ ብሩ እሱ ያላየው ቦታ ተቀምጧል፣ ወይ ደግሞ የመዝገቡ አያያዝ ራሱ የተሳሳተ ነው። ፈረንጆቹ ዳርክ ማተር የሚሉት፣ እኛ ደግሞ ጨለማ ቁስ የምንለው ነገር ታሪኩ የዚህ ክርክር ታሪክ ነው። ክርክሩ የተጀመረው ደግሞ ትናንት አይደለም፤ ከ170 ዓመት በላይ ሆኖታል።

በብዕር የተገኘችው ፕላኔት

በ1781 ዊሊያም ኸርሼል የተባለ፣ እንግሊዝ አገር በሙዚቃ ይተዳደር የነበረ ሰው፣ ቤቱ በሠራው ቴሌስኮፕ ዩራነስን አገኘ። ችግሩ የመጣው ቆይቶ ነው። አዲሷ ፕላኔት በኒውተን የስበት ሕግ በተሰላላት መንገድ አልሄድ አለች። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሊቃውንቱ ቢደምሩት ቢቀንሱት አልጠፋ አለ። አንዳንዱ «ምናልባት የኒውተን ሕግ ከፀሐይ እንዲህ ርቆ ሲሄድ አይሠራ ይሆናል» እስከማለት ደረሰ።

ፓሪስ ውስጥ የነበረው ኡርቤን ለቬሪዬ ግን በኒውተን አልጨከነም። ዩራነስን ከውጭ በኩል የሚጎትታት፣ እስካሁን ያላየነው አካል አለ አለ። እንዲህ ብሎም አላቆመም። ያ አካል የት መሆን እንዳለበት በወረቀት ላይ አሰላ። እንግሊዝ ውስጥም ጆን ካውች አዳምስ የተባለ ወጣት በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ስሌት ሠርቶ ነበር፤ የአገሩ ሰዎች ግን በጊዜው አልተጣደፉለትም። የፈረንሳዮቹም ነገር ያው ስለነበር ለቬሪዬ በርሊን ኦብዘርቫቶሪ ለሚሠራው ለዮሃን ጋሌ ደብዳቤ ላከለት። ይዘቱ ባጭሩ «ቴሌስኮፕህን እዚህ ቦታ ላይ አነጣጥር» የሚል ነው።

ደብዳቤው መስከረም 23 ቀን 1846 ደረሰ። ጋሌ አላሳደረውም። በዚያው ሌሊት ከአንድ ተማሪ ጋር ሆኖ ሰማዩን ከካርታው ጋር ማነጻጸር ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ካርታው ላይ የሌለች ነጥብ ተገኘች። ለቬሪዬ ካለው ቦታ የራቀችው ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ነው። ኔፕቱን ነበረች።

እስኪ አስቡት። ማንም ሰው «ይህች ፕላኔት ናት» ብሎ ሳያውቃት፣ በሌላ አካል ላይ ባሳደረችው ጉተታ ብቻ አድራሻዋ ታወቀ። የጎደለው ብር በእርግጥም ከመሳቢያው ጀርባ ወድቆ ነበር ማለት ነው። መዝገቡ ትክክል ነበር። ለቬሪዬም በአውሮፓ ስሙ የገነነ ሰው ሆነ።

ያልነበረችው ፕላኔት

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ወዳጄን መርታት ቀላል ነበር። አላለቀም።

በ1859 ለቬሪዬ ሌላ ጉድለት አገኘ። የአሁኑ ለፀሐይ ቅርብ በሆነችው በሜርኩሪ ላይ ነው። የሜርኩሪ ምህዋር እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ ለፀሐይ በጣም የምትቀርብበት ነጥብም ቀስ በቀስ ቦታውን እየለወጠ ይዞራል። የሌሎቹ ፕላኔቶች ጉተታ የዚህን ዙረት አብዛኛውን ክፍል ያብራራል። ጥቂት ግን ይተርፋል። ምን ያህል? በዛሬው ልኬት በመቶ ዓመት 43 የዲግሪ ሰከንድ። አንድ ዲግሪ 3,600 ሰከንድ ስለሆነ ይህች ትርፍ ተጠራቅማ አንድ ዲግሪ ለመሙላት ከ8 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ሰዎቹ የሚጨነቁት በዚህ ነው እንግዲህ!

ለቬሪዬ አንዴ የሠራለትን መንገድ ደገመው። «በሜርኩሪና በፀሐይ መካከል ያልታየች ፕላኔት አለች» አለ። ስሟም ቩልካን ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ኤድሞን ሌስካርቦ የተባለ የገጠር ሐኪም «እኔ በፀሐይ ፊት ስታልፍ አይቻታለሁ» ብሎ ጻፈለት። ለቬሪዬ ተነስቶ ሐኪሙ ድረስ ሄደ፣ በጥያቄ አፋጠጠው፣ በመጨረሻም አመነው። ሐኪሙ የክብር ሜዳይ ተሸለመ። በ1878ቱ የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ደግሞ ሁለት አሜሪካዊ ባለሙያዎች አየናት አሉ። የሚያዩ ሰዎች አልጠፉም ማለት ነው። የጠፋችው ቩልካን ናት፤ በተባለችበት ቀንና ቦታ ሲፈልጓት አትገኝም።

ለቬሪዬ የሞተው በ1877 ነው። ቀኑ መስከረም 23፤ ኔፕቱን ከተገኘችበት ሌሊት ልክ 31 ዓመት በኋላ። እስከ መጨረሻው በቩልካን መኖር ያምን ነበር።

በ1915 ኅዳር ወር አልበርት አንስታይን አዲሱን የስበት ትምህርቱን በሜርኩሪ ላይ ሞከረው። ምንም አዲስ ፕላኔት ሳይጨምር 43ቷ ሰከንድ ቁጭ ብላ ወጣች። ለቀናት በደስታ ራሱን እንደሳተ ለወዳጁ ጽፏል። ቩልካን አልነበረችም። በዚህኛው ጊዜ የተሳሳተው መዝገቡ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው። ዘዴውም ያው ነው። የሂሳብ ችሎታውም አልቀነሰም። አንዴ ታላቅ ግኝት፣ አንዴ ቅዠት። ስለዚህ አንድ ሳይንቲስት ተነስቶ «ሂሳቡ ጎድሏል፣ ስለዚህ ያልታየ ነገር አለ» ሲለን ልንጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ ያንተኛው ኔፕቱን ነው ወይስ ቩልካን?

ቁጡው ፍሪትዝ ዝዊኪ

በ1933 ይህን ጥያቄ የሚያስነሳ ሰው መጣ። ፍሪትዝ ዝዊኪ ይባላል። ቡልጋሪያ ተወልዶ፣ ስዊዘርላንድ አድጎ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካልቴክ በሚባለው ተቋም የሚሠራ ሰው ነው። ኮማ የሚባለውን የጋላክሲዎች መንጋ ያጠና ነበር። እዚያ ያሉት ጋላክሲዎች በሰከንድ አንድ ሺህ ኪሎሜትር ገደማ ልዩነት እየተራወጡ ነው። ችግሩ፣ በዚህ ፍጥነት የሚራወጥ መንጋ እስካሁን ተበትኖ መጥፋት ነበረበት። አንድ ላይ የያዘው ስበት ከየት መጣ? ዝዊኪ የሚታየውን ብርሃን ደምሮ ሲያሰላ ብዙ እጅ ጎደለው። በስሌቱ መሠረት የቁሱ እፍጋት ቢያንስ 400 እጥፍ መሆን ነበረበት። በጀርመንኛ በጻፈው ጽሑፍ ላይ የጎደለውን ነገር «ዱንክለ ማቴሪ» አለው፤ ጨለማ ቁስ ማለት ነው።

ታዲያ ዓለም ጉድ አለ? ማንም ብዙ አልተንቀሳቀሰም። አንደኛው ምክንያት 400 የሚለው ቁጥር በጣም የተጋነነ መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ የጋላክሲዎች ርቀት በትክክል አይታወቅም ነበርና የዝዊኪ ቁጥርም አብሮ ተዛባ። ከጎደለው ውስጥ የተወሰነውም በኋላ፣ በ1970ዎቹ፣ በኤክስሬይ የሚያበራ እሳት የሆነ ተራ ጋዝ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ምክንያት የሰውየው ጠባይ ነው። ዝዊኪ ባልደረቦቹን እንደ ልቡ የሚሰድብ፣ ለማግባባት የማይመች ሰው ነበር። ይኸው ሰው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጦርነት ለወደሙ ቤተ መጻሕፍት የሳይንስ መጻሕፍትና መጽሔቶች እያሰባሰበ ይልክ እንደነበር ስታውቁ ሰው እንዲህ ነው ወይ ያሰኛል።

ያም ሆነ ይህ ቁጥሩ ተስተካክሎም ጉድለቱ አልጠፋም። ዝዊኪ በ1937 አንድ ተጨማሪ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ስበት ብርሃንን ያጎብጣል፤ ስለዚህ ጋላክሲዎች ከጀርባቸው ላለው ነገር እንደ መነጽር ሆነው ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ በብርሃኑ መጉበጥ ደግሞ ክብደታቸው ይመዘናል አለ። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ የስበት መነጽር የተገኘው በ1979 ነው። ዝዊኪ በ1974 ሞቷል። አላየውም።

ቬራ

ከ30 ዓመት በላይ ነገሩ ተዳፍኖ ቆየ። እሳቱን የቆሰቆሰችው ቬራ ሩቢን ናት።

ቬራ ልጅ ሆና ዋሽንግተን ውስጥ ከመኝታ ቤቷ መስኮት ከዋክብት ሲዞሩ እያየች ነው ያደገችው። ከአባቷ ጋር በካርቶን ቱቦ ቴሌስኮፕ ሠርታለች። የፊዚክስ መምህሯ ግን ከሳይንስ ብትርቅ እንደሚሻላት ነግረዋታል። በ1948 ዲግሪዋን ይዛ ስትወጣ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን በድኅረ ምረቃ አስትሮኖሚ አይቀበልም ነበር፤ በሩን የከፈተው በ1975 ነው። እሷ ኮርኔል ገባች፣ ከዚያም ልጅ እያሳደገች ጆርጅታውን ማታ ማታ ተምራ በ1954 ዶክትሬቷን ያዘች። በ1965 ፓሎማር በሚባለው ታላቅ ኦብዘርቫቶሪ በይፋ እንድትሠራ የተፈቀደላት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ስትሄድ የሴት መጸዳጃ ቤት የለም። እሷም ከወረቀት ቀሚስ ቆርጣ በሩ ላይ ባለው የወንድ ምስል ላይ ለጠፈችበትና «ይኸው፣ አሁን አላችሁ» አለቻቸው ይባላል።

ከኬንት ፎርድ ጋር ሆና የሠራችው ሥራ ይህ ነው። ፎርድ ደብዛዛ ብርሃንን አጉልቶ የሚተነትን መሣሪያ ሠርቶ ነበር። በሱ የጎረቤታችንን የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ኮከቦችና ጋዞች ፍጥነት ከመሃል እስከ ዳር ለኩ። የሚጠበቀው ግልጽ ነበር። በፀሐይ ዙሪያ ያሉትን ፕላኔቶች ተመልከቱ፤ ቅርቧ ሜርኩሪ በሰከንድ 47 ኪሎሜትር ትሮጣለች፣ ሩቋ ኔፕቱን ግን 5 ኪሎሜትር ከግማሽ አትሞላም። ከመሃሉ ክብደት በራቅህ ቁጥር ትዘገያለህ። የጋላክሲም ብርሃኑ መሃል ላይ ስለተከማቸ ዳር ያሉት መዝገም ነበረባቸው።

አልዘገሙም። ዳር ያሉትም ወደ መሃል ካሉት ባላነሰ ፍጥነት ይሮጣሉ። ውጤቱ በ1970 ታተመ። «አንድ ጋላክሲ ነው፣ የራሱ ጠባይ ይሆናል» ማለት ይቻል ነበር። እሷም ፎርድና ኖርበርት ቶናርድን ይዛ ሌሎቹን መለካት ቀጠለች፤ በ1980 የ21 ጋላክሲዎችን ውጤት አወጡ። ሁሉም ያው ነው። በሬዲዮ ቴሌስኮፕ የሃይድሮጅን ጋዝን የሚከታተሉ ሌሎች ሰዎችም፣ ለምሳሌ ሆላንዳዊው አልበርት ቦስማ በ1978፣ ኮከብ ከሚታይበት ዳር አልፎም ፍጥነቱ እንደማይቀንስ አረጋገጡ። ጋላክሲዎች ከሚታየው አካላቸው በብዙ እጅ በሚበልጥ የማይታይ ቁስ ተከበዋል የሚለው አባባል ከዚህ በኋላ የአንድ ቁጡ ሰው ወሬ መሆኑ ቀረ።

ሩቢን በ2016 በገና ዕለት አረፈች። ኖቤል አልተሰጣትም። ቺሊ ውስጥ ተራራ ላይ የተተከለው 8.4 ሜትር መስታወት ያለው ታላቅ ቴሌስኮፕ ግን በስሟ ይጠራል፤ የመጀመሪያ ምስሎቹን ለዓለም ያሳየው በ2025 ሰኔ ነው።

ከመነሻው የመጣው ምስክር

እስካሁን ያየነው ሁሉ ዛሬ ባሉ ጋላክሲዎች እንቅስቃሴ ላይ የተመሠረተ ነው። የሜርኩሪ ነገር ያስተማረን ግን እንቅስቃሴ ብቻውን ሊያሳስት እንደሚችል ነው። ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ፣ ከመጀመሪያው ጋር ያልተመካከረ ምስክር ያስፈልጋል። ይህ ምስክር የመጣው ከዩኒቨርስ መነሻ ነው። ለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

በ1927 ዦርዥ ሌሜትር የተባለ ቤልጂጋዊ የካቶሊክ ቄስ፣ የአንስታይንን ሂሳብ ይዞ ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው ሲል ጻፈ። አንስታይን በዚያው ዓመት ብራሰልስ ላይ ሲያገኘው ሂሳብህ ልክ ነው፣ ፊዚክስህ ግን የሚያስቀይም ነው አለው ይባላል። በ1929 ኤድዊን ሃብል ጋላክሲዎች በራቁ ቁጥር በፍጥነት እየሸሹን እንደሆነ የሚያሳይ ልኬት አወጣ። ሌሜትር በ1931 አንድ እርምጃ ቀጠለ፤ ዛሬ እየሰፋ ከሆነ ወደ ኋላ ብንሄድ ሁሉም ነገር በአንድ ቦታ የታመቀበት ጊዜ ነበረ አለ። ፍሬድ ሆይል የተባለው ተቃዋሚ በ1949 በቢቢሲ ሬዲዮ ሐሳቡን «ቢግ ባንግ» ብሎ ጠራው፤ ስሙ እዚያው ቀረ።

ወዳጄ ስለ እምነት ስላነሳ አንዲት ነገር ልጨምር። በ1951 ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ ይህን ትምህርት ከፍጥረት ታሪክ ጋር አያይዘው ሲናገሩ ቅር ካላቸው ሰዎች አንዱ ራሱ ቄሱ ሌሜትር ነበር። ሂሳቡ በሂሳብነቱ ይቁም፣ እምነቴንም ለሱ ማስረጃ አታድርጉት የሚል አቋም ነበረው። ቲዎሪው ነገ ሊወድቅ የሚችል ነገር መሆኑን ያውቃል።

አልወደቀም። በ1964 ኒው ጀርሲ ውስጥ አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ከአንቴናቸው የማይጠፋ የሹክሹክታ ድምፅ አስቸገራቸው። አንቴናው ውስጥ የሰፈሩትን ርግቦች አባረሩ፣ ኩሳቸውንም ጠረጉ። ድምፁ አልጠፋም፤ ከየትኛውም የሰማይ አቅጣጫ እኩል ይመጣል። የዩኒቨርስ የልጅነት ሙቀት ትራፊ ነበር። ሌሜትር በ1966 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ወሬውን ሰምቷል።

ይህ ብርሃን ጉዞውን የጀመረው ዩኒቨርስ የ380 ሺህ ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ዛሬ ዕድሜው 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው። ኮቢ የተባለችው ሳተላይት በ1992፣ በኋላም ደብሊውማፕና ፕላንክ የተባሉት፣ ይህን ብርሃን በካርታ አስቀመጡት። በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ከመቶ ሺህ አንድ ገደማ ነው። 100 ሜትር ጥልቀት ባለው ሐይቅ ላይ አንድ ሚሊሜትር የምትሆን ሞገድ አስቡ። ዛሬ የምናያቸው ጋላክሲዎች ሁሉ ከዚያች ሞገድ መብቀል አለባቸው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ተራው ቁስ፣ እኔና እናንተ የተሠራንበት፣ በዚያን ዘመን ከብርሃን ጋር ተጣብቆ ነበር። ስበት ሊሰበስበው ሲል የብርሃኑ ግፊት ይበትነዋል። ከ380 ሺህ ዓመት በኋላ ነፃ ወጥቶ ከባዶ ቢጀምር፣ በዚያች ትንሽ ሞገድ ላይ ተመሥርቶ ዛሬ የምናየውን ሁሉ ለመሥራት ጊዜ አይበቃውም። ብርሃን የማይነካው ቁስ ካለ ግን ያ ቁስ ቀድሞ መሰብሰብ ይጀምራል። ተራው ቁስ ነፃ ሲወጣ የተቆፈረ ጉድጓድ ይጠብቀዋል፤ ወደዚያ ይወርዳል፤ ከዋክብት ይሆናል። ስለዚህ ጨለማ ቁስ ባይኖር እኛም እዚህ ቁጭ ብለን ስለሱ ባልተከራከርን ነበር።

የፕላንክ ልኬት ሂሳቡን እንዲህ ይከፍለዋል፦ ተራ ቁስ 5 ከመቶ ገደማ፣ ጨለማ ቁስ 27 ከመቶ ገደማ፣ የቀረው 68 ከመቶ ገደማ ጨለማ ኃይል የሚባለውና በ1998 የታወቀው ሌላ እንቆቅልሽ ነው። የሚገርመው፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የተሠሩት ቀላል ንጥረ ነገሮች መጠንም የተራውን ቁስ ድርሻ ወደዚያው 5 ከመቶ አካባቢ ያመጣዋል። ይህ ማለት ደግሞ ጨለማው ቁስ የጠፉ ፕላኔቶች ወይም የደበዘዙ ከዋክብት ክምችት ሊሆን አይችልም ማለት ነው። ከነጭራሹ ሌላ ነገር ነው።

የቩልካን ጠበቃ

ለሌላኛው ወገንም ጆሮ እንስጥ። በ1983 እስራኤላዊው የፊዚክስ ሊቅ ሞርደኻይ ሚልግሮም «ጨለማ ቁስ የሚባል የለም፤ ስበት በጣም ደካማ ሲሆን የኒውተን ሕግ ይለወጣል» አለ። መዝገቡ ነው የተሳሳተው ማለቱ ነው። ሰውየውን ማጣጣል አይቻልም። የሱ ቀመር የጋላክሲዎችን አዟዟር በሚገርም ትክክለኛነት ይገልጻል፤ የጨለማ ቁስ ደጋፊዎችም ይህ ለምን እንደሚሆን እስከዛሬ ይከራከራሉ።

ከጋላክሲ ከፍ ሲል ግን ይቸገራል። በ2006 ቡሌት ስለሚባለው የጋላክሲ መንጋ የወጣው ጥናት ሁለት መንጋዎች ተጋጭተው ሲያልፉ ያሳያል። በግጭቱ ጋዙ እርስ በርሱ ተላትሞ መሃል ላይ ቀርቷል። ከሚታየው ቁስ አብዛኛው ደግሞ ይህ ጋዝ ነው። ዝዊኪ ባለው የብርሃን መጉበጥ ክብደቱ ሲመዘን ግን ክብደቱ ያለው ጋዙ ጋ አይደለም፤ ጋዙን ጥሎት አልፎ ሄዷል። ሕጉን ብቻ በመለወጥ ይህን ማብራራት ከባድ ነው። የጥንቱን ብርሃን ካርታ ማብራራት ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ያልመጣው ሌሊት

እንግዲህ ምስክሮቹን እንቁጠር። የመንጋዎቹ ሩጫ፣ የጋላክሲዎቹ ዳር፣ የብርሃኑ መጉበጥ፣ ከመነሻው የመጣው ካርታ። ቩልካን እንዲህ ያሉ ምስክሮች አልነበሯትም፤ የነበራት አንድ ጉድለትና አየሁ የሚሉ ጥቂት ሰዎች ነው።

ግን ወዳጄን ላታልለው አልፈልግም። ኔፕቱን ያላት ጨለማው ቁስ የሌለው አንድ ነገር አለ፤ የጋሌ ሌሊት። ደብዳቤው ደርሷል፣ አድራሻው ተጽፏል፣ ሰዎች ሄደው ሲያዩ ግን እስካሁን ማንም አልከፈተላቸውም። በደቡብ ዳኮታ የቀድሞ የወርቅ ማዕድን ውስጥ፣ አንድ ኪሎሜትር ተኩል ገደማ ከመሬት በታች፣ ኤልዜድ የሚባል መሣሪያ 7 ቶን ፈሳሽ ዜኖን ይዞ አንዲት የጨለማ ቁስ ቅንጣት ስትነካው ይጠብቃል። ጣሊያን ከተራራ ሥር፣ ቻይናም እንዲሁ ወንድሞቹ አሉ። ኤልዜድ በ2024 ባወጣው ውጤት ያገኘው ነገር የለም። ጣሊያን ውስጥ ዳማ የተባለው ሙከራ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «አግኝተናል» ሲል ቆይቷል፤ ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርተው የፈተሹት ኮሪያና ስፔን ያሉት ቡድኖች ግን አላገኙትም። የገጠሩን ሐኪም ያስታውሳል።

ቅንጣቷ ከተጠበቀው የቀለለች ወይም የተለየች ልትሆን ትችላለች። በስበት ካልሆነ በቀር ከእኛ ጋር ጨርሶ የማትነካካ ከሆነች ደግሞ የጋሌ ሌሊት ላይመጣም ይችላል። ሙያቸውን ሙሉ በዚህ ጥበቃ ያሳለፉ፣ ጡረታ የወጡ፣ የሞቱም ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ካፌው። ወዳጄ፣ ከጠንቋይ በምን ይለያል ብለህ ነበር። በዚህ ይለያል፦ እነዚህ ሰዎች የተሳሳቱ እንደሆነ በምን እንደሚታወቅ ቀድመው ይነግሩሃል፣ ከዚያም ዕድሜያቸውን ሰጥተው ሄደው ይፈትሹታል፣ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱም «ባዶ ነው» ብለው ያትማሉ። ለቬሪዬም የከሸፈው ቩልካንን ስለገመተ አይመስለኝም፤ ግምቱ ደህና ግምት ነበር። የከሸፈው ፍለጋው ደጋግሞ ባዶ ሲሆን ከጥርጣሬ ይልቅ የመጀመሪያ ድሉን ስላመነ ነው።

ስለዚህ «ኔፕቱን ነው ወይስ ቩልካን?» ብትለኝ፣ ምስክሮቹን አይቼ ኔፕቱን ነው እላለሁ። አስይዝ ካልከኝም ማኪያቶ አስይዛለሁ። ቤቴን ግን አላስይዝም።

ቸር ሰንብቱ።